የአኒሜ ባክግራውንድ ስትጽፉ ቁጥሩ የምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ቀኑም የምን እንደሆነ ጠይቁ

ማይአኒሜሊስት (ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው መረጃ የሚጨምሩበት የአኒሜና የማንጋ ዳታቤዝ) ላይ የሆነ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ወይም ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ገጽ ስትከፍቱ ሲኖፕሲሱ (የታሪኩ ማጠቃለያ) እንዳለቀ ከስሩ ባክግራውንድ የምትል ቦታ አለች። አብዛኛው ሰው ስኮሩን አይቶ፣ ስንት ኤፒሶድ እንደሆነ አይቶ፣ ሊስቱ ላይ ጨምሮ ይወጣል፣ እሷን ልብ አይላትም። እኔ ግን ከገጹ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው። ስራው ራሱ ያሳለፈው ህይወት የሚነገረው እዛ ነው፣ የትኛው መጽሔት ላይ ወጣ፣ መቼ ጀመረ፣ ለምን ተቋረጠ፣ ማን ሸለመው፣ በእንግሊዝኛ ማን አሳተመው፣ ለምን ሁለቴ አኒሜ ሆነ ምናምን። ታሪኩን እኮ ስናነበው እናገኘዋለን፣ ይሄንን ግን የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ካልጻፈው አንባቢው ከየት ያመጣዋል? እና ስንትና ስንት ገጽ ላይ ይቺ ቦታ ባዶ ናት፣ እስካሁን ምንም አልተጻፈም፣ እባካችሁ አግዙን የሚል ብቻ ነው ያለው።

ሰሞኑን ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አኒሜ ከልባቸው የሚወዱ ልጆች «እኛም መጻፍ እንፈልጋለን ግን ምን ይጻፋል ምን አይጻፍም» እያሉ ይጠይቁኛል፣ ለእያንዳንዱ በኢንቦክስ ከምመልስ እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ጥያቄው ራሱ ደስ ይለኛል። እኛ ሀገር በዲሽ ስፔስቱን እና ኤምቢሲ 3 እያየ ያደገ ልጅ ሞልቷል፣ አረብኛ ሳይችል ካፒቴን ማጂድን አንድም ቀን ሳያሳልፍ ሲከታተል የኖረ፣ ያ ልጅ አድጎ ማጂድ የሚለው የአረብኛው ዳብ የሰጠው ስም እንደሆነ፣ ስራው ዮይቺ ታካሃሺ ከ1981 ጀምሮ ሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ ላይ ያወጣው ካፒቴን ጹባሳ መሆኑን የሚያውቅበት ቀን አለ አይደል፣ ያን ቀን የሚሰማው ነገር ቀላል አይደለም። እሱን የሚያሳውቀው የሆነ በጎ ፈቃደኛ የጻፈው ሶስት አራት መስመር ነው።

(እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ዳታቤዙም የሚሰራው በዛው ነው፣ ስለዚህ ወደኛ አቆጣጠር እየቀየራችሁ እንዳትጽፉ።)

ዋናውን ልናገርና ሌላውን በሱ ዙሪያ ላስረዳ። ባክግራውንድ ውስጥ የምታስገቡት እያንዳንዱ ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ፣ እስከ መቼ ድረስ የተቆጠረ እንደሆነ፣ ማን እንደተናገረው ይታወቅ። እያንዳንዱ ቀንም የምን ቀን እንደሆነ ይታወቅ። ይሄን ያልያዘ አረፍተ ነገር የቱንም ያህል ቢያምር አትላኩት። ከምሬ ነው፣ ባዶ ገጽ ከተሳሳተ ገጽ ይሻላል፣ ባዶውን ሌላ ሰው አይቶ ይሞላዋል፣ የተሳሳተውን ግን ሌሎች ዌብሳይቶች ኮፒ አድርገው ይወስዱታል፣ ከሶስት አመት በኋላ ዩትዩብ ላይ ሲነገር ትሰሙታላችሁ፣ ከዛ ደግሞ ሰው ያንኑ ቪዲዮ ማስረጃ አድርጎ ያመጣባችኋል።

ከቁጥር ልጀምር ምክንያቱም ፋን ሁሉ የሚወደው ቁጥር ነው። ዋን ፒስ የሚባለውን ማንጋ እንውሰድ። በ2015 ጊነስ የአለም ሪከርድ ሰጥቶታል፣ በአንድ ደራሲ ለተሰራ አንድ የኮሚክ ስራ በብዛት በመታተም፣ ቁጥሩም 320,866,000 ኮፒ ነው፣ የተቆጠረውም ከ1997 እስከ ዲሴምበር 2014 ነው። አሁን ይሄን ዜና ሰው እንዴት እንደሚጽፈው እዩ፣ «ዋን ፒስ ከ320 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል» ይላል። አልተባለም እኮ! የተባለው ታትሟል ነው። የጃፓን አሳታሚዎች በየጊዜው የሚያወጡት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ታትሞ ወደ መጽሐፍ መደብር የወጣውን ነው፣ መደርደሪያ ላይ የቀረውም ተመላሽ የሆነውም አብሮ አለበት። የተሸጠውን ለብቻው የሚከታተለው ኦሪኮን የሚባለው የጃፓን የሽያጭ ደረጃ አውጪ ድርጅት ነው፣ የሱ ደግሞ በጃፓን ውስጥ ያለውን ሽያጭ የሚገምት ስለሆነ ከአሳታሚው ጋር አይገጥምም፣ አይገጥምም ማለት ግን አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፣ የቆጠሩት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ «ታትሞ ተሰራጭቷል» እና «ተሽጧል» የሚሉትን በፍጹም አትቀያይሩ፣ አሳታሚው ያለውን በልኩ ጻፉ።

ሌላው ቁጥሩ ያድጋል። ያው ዋን ፒስ በኦገስት 2022 አምስት መቶ ሚሊዮን ደርሷል ተብሎ ተነገረ፣ ከዛ ውስጥ 100 ሚሊዮኑ ከጃፓን ውጪ ያለው ነው። ገጹ ላይ «ከ500 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ታትሟል» ብቻ ብላችሁ ብትተዉት በ2030 የሚያነበው ሰው የዛን አመት ቁጥር ይመስለዋል። «እስከ ኦገስት 2022» የምትለዋን ጨምሩባት፣ በቃ፣ አረፍተ ነገሩ አያረጅም። ዲመን ስሌየር የሚባለው ማንጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፣ በ2021 መጀመሪያ የተነገረው 150 ሚሊዮን ዲጂታሉንም ጨምሮ ነው። ዲጂታል ያለበትን ቁጥር ዲጂታል ከሌለበት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እከሌ እከሌን በለጠ ካላችሁ ሚዛኑ ልክ አይደለም። ባክግራውንድ ደግሞ የማበላለጫ ቦታ አይደለም በጭራሽ፣ እሱን ኮሜንት ላይ ተከራከሩ።

የምወደው ምሳሌ ግን የሲኒማ ገቢው ነው። ስፒሪትድ አዌይ የሚባለው የጂብሊ ስቱዲዮ ፊልም ጃፓን ውስጥ በገቢ ለአመታት አንደኛ ነበር፣ በየቦታው የሚጻፈውም 30.8 ቢሊዮን የን ነበር። በ2020 የዲመን ስሌየር ፊልም የሆነው ሙገን ትሬን ኦክቶበር 16 ወጥቶ እንደ እሳት ሲንቀለቀል፣ ሰው ሁሉ 30.8ን መቼ ነው የሚያልፈው ብሎ ሲጠብቅ፣ ዲሴምበር ላይ የስፒሪትድ አዌይ ቁጥር 31.68 ቢሊዮን ተብሎ ተስተካከለ። ለምን መሰላችሁ? በዛው አመት ክረምት በኮሮና ምክንያት አዲስ ፊልም ሲጠፋ የጂብሊ ፊልሞች እንደገና ሲኒማ ቤት ገብተው ነበር፣ የዛ ገቢ ተደምሮ ነው። ሙገን ትሬንም ዲሴምበር መጨረሻ ላይ አልፎት ሄደ። እንግዲህ አንዱ ጸሐፊ 30.8 ሌላው 31.68 ቢጽፍ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሚለያቸው መቼ እንደተቆጠረ ነው። እሱን ካልጻፋችሁት ግን የሚቀጥለው ሰው መጥቶ «ተሳስቷል» ብሎ ያጠፋዋል፣ ከዛ ሌላው ይመልሰዋል፣ እንዲህ እየተጠፋፋ ይኖራል።

አሁን ወደ ቀን። ቀን ቀላል ይመስላል፣ አይደለም።

ፉልሜታል አልኬሚስት መጽሔት ላይ የጀመረው መቼ ነው? አንዱ ሶርስ ጁላይ 2001 ይላል፣ ሌላው ኦገስት 2001 ይላል፣ እና ጀማሪ ጸሐፊ ግራ ይገባዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ወርሃዊው ሾነን ጋንጋን የኦገስት 2001 እትም ብሎ ሽፋኑ ላይ የጻፈው መጽሔት ገበያ ላይ የዋለው ጁላይ 12 ቀን 2001 ነው። የጃፓን መጽሔቶች ሽፋን ላይ የሚጻፈው ወር ከሚሸጡበት ወር በኋላ ያለው ነው፣ የተለመደ አሰራር ነው። ሲያልቅም እንደዛው፣ የመጨረሻው ቻፕተር የጁላይ 2010 እትም ላይ ነው ያለው፣ የወጣው ግን ጁን 11 ቀን 2010 ነው። ስለዚህ ወይ የእትሙን ስም ጻፉ ወይ የወጣበትን ቀን ጻፉ፣ የትኛውን እንደሆነ ግን ተናገሩ። የመጀመሪያውን በእትም ስም የመጨረሻውን በሽያጭ ቀን አድርጎ ማደባለቅ በጣም የማየው ችግር ነው፣ ስራው በወረቀት ላይ አንድ ወር ያጥርበታል።

የቲቪ ሰአት ደግሞ አለላችሁ። ጃፓኖች የሌሊት ፕሮግራም ሲያስተዋውቁ «ቅዳሜ 25:30» ብለው ይጽፋሉ፣ ይሄ ማለት በካላንደር እሁድ ነው፣ ከሌሊቱ 1:30 በፈረንጅ ሰአት። እኛ እንኳን ይሄ አይከብደንም፣ ቅዳሜ ሌሊት ሰባት ሰአት ተኩል ብንባል ቅዳሜ ማታ አምሽተን ያለንበት ሰአት ነው የሚመስለን፣ ያው ጃፓኖቹም የሚያስቡት እንደዛ ነው። ዳታቤዝ ግን ካላንደር ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ የስቱዲዮው ዌብሳይት ላይ ቅዳሜ የሚል አይታችሁ ቀጥታ ከመገልበጣችሁ በፊት ሰአቱን እዩት፣ 24 እና ከዛ በላይ ከሆነ ቀኑ የሚቀጥለው ቀን ነው። የማንጋ ደራሲ ሞት ላይ ደግሞ ይሄ ነገር የክብር ጉዳይ ይሆናል። የበርሰርክ ደራሲ ኬንታሮ ሚዩራ ያረፈው ሜይ 6 ቀን 2021 ነው፣ አሳታሚው ሃኩሰንሻ ለህዝብ ያሳወቀው ሜይ 20 ነው፣ ሁላችንም የሰማነው ያን ቀን ስለሆነ በየቦታው ሜይ 20 ሞተ ተብሎ ተጽፏል። ሰውዬው ከ30 አመት በላይ የደከመበት ስራ ገጽ ላይ የሞተበት ቀን እንኳን ልክ ካልሆነ በጣም ያሳዝናል። ደግሞ እዛ ላይ «አለም ያነባው ታላቅ ጀግና» ምናምን አያስፈልግም። በሱ ስም የወጣው 364ኛ ቻፕተር በሴፕቴምበር 2021 እንደታተመ፣ ከዛ በጁን 2022 በቅርብ ጓደኛው በኮጂ ሞሪ ተቆጣጣሪነት የራሱ ረዳቶች የነበሩት ስቱዲዮ ጋጋ እንደቀጠሉት ጻፉ። ያንን ያነበበ ሰው ሀዘኑን ከናንተ ቅጽል ሳይጠብቅ ያገኘዋል።

አንድ ገጽ ከመጀመሪያ እስከመጨረሻ ላሳያችሁ። ካውቦይ ቢቦፕ። ብዙ ጊዜ የሚላከው ረቂቅ እንደዚህ አይነት ነው፦ «ካውቦይ ቢቦፕ በ1998 በቲቪ ቶኪዮ የተላለፈ ባለ 26 ክፍል ድንቅ አኒሜ ሲሆን በመላው አለም እጅግ ተወዳጅ ነው፣ አሜሪካ ውስጥም ታሪክ ሰርቷል።» በመጀመሪያ «ድንቅ» ይውጣ፣ «እጅግ ተወዳጅ» ይውጣ፣ ስኮሩ እዛው ገጹ ላይ አለ አይደል ሰው ራሱ ያየዋል። ሁለተኛ 26ቱ ክፍል ቲቪ ቶኪዮ ላይ አልተላለፈም። ኤፕሪል 1998 የጀመረው ከምሽቱ 6 ሰአት በፈረንጅ ነበር፣ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ በሚያይበት ሰአት፣ ይዘቱ ለዛ ሰአት የሚከብድ ስለነበር ጣቢያው የመረጣቸውን 12 ክፍሎች ብቻ አሳየ፣ የጀመረውም ከሁለተኛው ክፍል ነው፣ አንደኛውን ዘሎ፣ ከዛ ጁን ላይ ከተለያየ ክፍል የተቀነጫጨበ ልዩ ዝግጅት አሳይቶ ዘጋው። ሙሉው 26 ክፍል የታየው ዋዋው በሚባለው የክፍያ ጣቢያ ነው፣ ከኦክቶበር 1998 እስከ ኤፕሪል 1999። ሶስተኛ «አሜሪካ ውስጥ ታሪክ ሰርቷል» ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ ያለው ነገር ግን ጥሩ ነው፣ አደልት ስዊም የሚባለው ለአዋቂዎች የተዘጋጀ የአሜሪካ ጣቢያ ሴፕቴምበር 2001 ስራ ሲጀምር በመጀመሪያው ምሽት ካሳያቸው አንዱ እሱ ነው፣ ጣቢያው ያሳየው የመጀመሪያ አኒሜም ነው።

እንግዲህ ሲስተካከል ይሄን ይመስላል፦ «ቲቪ ቶኪዮ ከኤፕሪል እስከ ጁን 1998 ድረስ ከ26ቱ ክፍሎች 12ቱን እና አንድ ልዩ ዝግጅት አስተላልፏል። ሙሉው ተከታታይ በዋዋው ከኦክቶበር 1998 እስከ ኤፕሪል 1999 ታይቷል። በ2000 በሴዩን ሽልማት የምርጥ ሚዲያ ዘርፍ አሸናፊ ሆኗል። በአሜሪካ ከሴፕቴምበር 2001 ጀምሮ በአደልት ስዊም ተላልፏል፣ በጣቢያው የታየ የመጀመሪያ አኒሜ ነው።» አራት አረፍተ ነገር፣ አንድም ቅጽል የለበትም፣ ግን እያነበባችሁ ልባችሁ አይሞቅም? የኔ ይሞቃል። ተቆራርጦ፣ ግማሹ ተደብቆ የወጣ ስራ እንደዛ ሆኖ ሲኖር ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል። ይሄን ደግሞ አንባቢው ራሱ ነው የሚሰማው፣ እናንተ ልትነግሩት አይገባም።

«የመጀመሪያው» የምትለዋ ነገር ስትነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ቃሏን ባያችሁ ቁጥር ቆም በሉ። አስትሮ ቦይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ፉጂ ቲቪ ላይ ጀመረ፣ እና የአለም ህዝብ ሁሉ «የመጀመሪያው የቲቪ አኒሜ» ይለዋል። ግን ከሱ በፊት በ1961 ኦቶጊ ፕሮ የሰራው ባለ ሶስት ደቂቃ አጫጭር ተከታታይ እዛው ፉጂ ላይ ነበር። የአስትሮ ቦይን ደራሲ ኦሳሙ ቴዙካን ለማሳነስ አይደለም፣ የሱ ትልቅነት በየሳምንቱ የግማሽ ሰአት ፕሮግራም በአኒሜሽን ማውጣት ይቻላል ብሎ ማሳየቱ ነው፣ ስለዚህ «የግማሽ ሰአት ሳምንታዊ» የሚለውን ጨምሩ፣ ያኔ አረፍተ ነገሩ ማንም የማይነቀንቀው ይሆናል። «የመጀመሪያው» ከሚል በኋላ ሁልጊዜ በምን፣ የት፣ ከማን መካከል የሚል ይከተል።

ሽልማት ላይ ሶስት ወጥመድ አለ። አንደኛው አመቱ ነው። ስፒሪትድ አዌይ ጃፓን የወጣው ጁላይ 2001 ነው፣ በርሊን ላይ ወርቃማውን ድብ ያገኘው በ2002 ነው (ያውም ከሌላ ፊልም ጋር ተጋርቶ)፣ ኦስካሩን የወሰደው ደግሞ ማርች 2003 በተደረገው 75ኛው ስነ ስርአት ነው፣ አሜሪካ የታየው በ2002 ስለነበር። «የ2001 ኦስካር» ብሎ የጻፈ ሰው የፊልሙን አመት ነው የገለበጠው። አሳታሚው ሾጋኩካን የሚሰጠው የማንጋ ሽልማትም እንደዛ ነው፣ ፉልሜታል አልኬሚስት ያሸነፈው 49ኛውን ነው፣ የ2003 ይባላል፣ በሾነን ዘርፍም ከያኪታቴ ጃፓን ጋር ነው የተጋራው። ስለዚህ ስንተኛው እንደሆነ ብትጽፉት ከአመት ክርክር ትድናላችሁ። መቼም ሾጋኩካን የሌላ አሳታሚ ስራ መሸለሙ ብዙ ሰው አያውቅም፣ ማንጋው የስኩዌር ኢኒክስ ነው፣ እንዲህ አይነቱ ነገር ባክግራውንድ ውስጥ ሲገባ ሽልማቱን የበለጠ ያከብደዋል።

ሁለተኛው የማን ሽልማት እንደሆነ ነው። የናኦኪ ኡራሳዋ ሞንስተር በ1999 የቴዙካ ኦሳሙ የባህል ሽልማትን ታላቁን ሽልማት አግኝቷል፣ 46ኛውን ሾጋኩካንንም አግኝቷል። ያገኘው ማንጋው ነው። የማድሃውስ ባለ 74 ክፍሉ አኒሜ የመጣው ከ2004 ጀምሮ ነው። የማንጋውን ሽልማት አኒሜው ገጽ ላይ ለጥፎ መሄድ አኒሜውን ያላገኘውን ነገር መሸለም ነው። ሶስተኛውን ቶሎ ልለፈው፣ እጩ መሆንና ማሸነፍ ለየቅል ናቸው፣ እጩ ከነበረ እጩ ነበር በሉ።

ምን ይገባል ምን አይገባም ለሚለው ደግሞ የምሰጣችሁ መለኪያ ይሄ ነው፣ መረጃው ስለዚህ ስራ ነው ወይስ በዚህ ስራ አካባቢ ያለ ወሬ ነው? የፉልሜታል አልኬሚስትና የሲልቨር ስፑን ደራሲ ሂሮሙ አራካዋ ሆካይዶ ውስጥ የወተት ከብት እርባታ ላይ ነው ያደገችው፣ እርሻ ትምህርት ቤትም ተምራለች። ይሄን ፉልሜታል አልኬሚስት ገጽ ላይ ብታስገቡት ምን ይሰራል? የደራሲዋ ገጽ ላይ ነው ቦታው። ሲልቨር ስፑን ላይ ግን ይገባል፣ እሱ ማንጋ ሆካይዶ ያለ የእርሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ የተመሰረተ ስለሆነ ሰው ከየት እንደመጣ ሊያውቅ ይገባዋል። ያው አንድ መረጃ ነው፣ አንዱ ቦታ ወሬ ነው ሌላው ቦታ መሰረት ነው። ድምጽ ያወጡት ተዋናዮች ምን ይወዳሉ፣ ገጸ ባህሪው ልደቱ መቼ ነው፣ የትኛው ኤፒሶድ ላይ የማን ፖስተር ግድግዳ ላይ ይታያል፣ እነዚህ ሁሉ ለፋን ገጽ ደስ የሚሉ ናቸው እዚህ ግን አይገቡም። የፖኪሞን ዲሴምበር 16 ቀን 1997 የተላለፈው ክፍል ግን ይገባል፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ብርሃን 685 ሰው በአምቡላንስ ሆስፒታል እስኪገባ አድርሶ ፕሮግራሙ እስከ ኤፕሪል 1998 ስለተቋረጠ፣ የስርጭቱን ታሪክ የቀየረ ነገር ነው።

ስፖይለርን (ታሪኩን ቀድሞ መንገርን) በተመለከተ ሰው ባክግራውንድን የሚያነበው ገና ሳይጀምረው ነው፣ ይሄን አትርሱ። የ2003ቱ ፉልሜታል አልኬሚስት ላይ «ማንጋው ገና እየወጣ ስለነበር ከመሀል ጀምሮ የራሱን ታሪክ ይዞ ሄዷል፣ በ2009 የጀመረው ብራዘርሁድ ግን ማንጋውን ይከተላል» ማለት በቂ ነው። ማን ሞተ፣ ጠላቱ ማን ሆነ፣ የትኛው በር ከየት ወዴት ተከፈተ፣ አንዱም አያስፈልግም። ይቺን አንድ መስመር ያነበበ ሰው ሁለቱን ለምን ለየብቻ ማየት እንዳለበት ገባው፣ አለቀ።

የእንግሊዝኛ ህትመት የሚሰለች ይመስላል ግን ለአንባቢ በጣም ይጠቅማል፣ በተለይ መጽሐፉን ፈልጎ ለሚገዛ ሰው። ሴለር ሙንን መጀመሪያ ያወጣው ሚክስ ነው፣ በኋላ ስሙን ቶኪዮፖፕ ያለው፣ ቶኪዮፖፕ የአሜሪካ ህትመቱን በ2011 ዘጋ፣ በዛው አመት ሴፕቴምበር ኮዳንሻ ኮሚክስ በአዲስ ትርጉም ማውጣት ጀመረ። አሮጌውን እትም ኢቤይ ላይ ያየ ሰው ይሄ ከዛኛው ለምን እንደሚለይ የሚያውቀው እዚህ ነው። መጽሔት መቀየርም እንደዛው ይጻፋል፣ ቪንላንድ ሳጋ በኤፕሪል 2005 ሳምንታዊው ሾነን ማጋዚን ላይ ጀምሮ በዛው አመት መጨረሻ ወደ ወርሃዊው አፍተርኑን ዞሯል፣ የሳምንቱ ሩጫ ለዛ አይነት ስዕል አልሆነም። አኒሜው ደግሞ አንደኛውን ሲዝን ዊት በ2019፣ ሁለተኛውን ማፓ በ2023 ሰርተውታል። ሲዝኖቹ የየራሳቸው ገጽ ስላላቸው የስቱዲዮ ለውጡን ሁለተኛው ላይ ጻፉት።

ሶርስ ስትፈልጉ ከላይ ጀምሩ። የአሳታሚው ዌብሳይት፣ የሽልማቱ ሰጪ ዌብሳይት፣ የጣቢያው ዌብሳይት። ጃፓንኛ ባትችሉም ብራውዘሩ ይተረጉምላችኋል፣ ቀንና ቁጥር ደግሞ በማንኛውም ቋንቋ ያው ነው። ዊኪፒዲያ መነሻ ይሁናችሁ፣ ከስር ያለውን ሊንክ ተጭናችሁ ዋናው ምን እንደሚል እዩ፣ ሊንኩ ከሞተ ዌይባክ ማሽን ላይ ፈልጉት፣ ብዙ የድሮ የአሳታሚ ገጽ እዛ ተቀምጦ ይገኛል። ትዊተር ላይ የሆነ አካውንት ስላለ ብቻ፣ ወይ ቴሌግራም ቻናል ላይ ፖስተር ተሰርቶለት ስለመጣ ብቻ አትውሰዱ። ከየትም አግኝታችሁት በራሳችሁ አረፍተ ነገር ጻፉት እሺ፣ የአሳታሚውን ማስታወቂያ ወይም የዊኪፒዲያን አንቀጽ ኮፒ ፔስት ማድረግ ነውር ነው፣ የሌላ ሰው ልፋት ነው፣ ሞዴሬተሩም አይቶ ይመልሰዋል።

ስትልኩ ሊንኮቹን ማስታወሻው ላይ ለሞዴሬተሩ አስቀምጡለት፣ ጃፓንኛ ከሆነ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ጭምር ንገሩት፣ ፈጥኖ ያያል። ካሳጠረባችሁ ቅር አይበላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳጥረው ትክክል ሆኖ ሳለ ሲኖፕሲሱ ላይ ወይ ከጎን ያለው ሳጥን ውስጥ ቀድሞ ስላለ ነው። ስቱዲዮውና የኤፒሶዱ ብዛት ከጎን ካለ ባክግራውንዱ ላይ መድገም አያስፈልግም።

ለመጀመር ደግሞ አሁን እየወጣ ያለውን ትልቅ ስራ አትምረጡ፣ እሱ ላይ ሺ ሰው አለ፣ ቁጥሩም በየወሩ ይቀየራል። ያለቀ ማንጋ ውሰዱ፣ አምስት ስድስት ቮልዩም ያለው፣ እናንተ አንብባችሁ የወደዳችሁት ግን ሰው የማያወራው፣ ገጹ ባዶ የሆነ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን እትም ፈልጉ፣ በእንግሊዝኛ ወጥቶ ከሆነ ማን ከመቼ እስከመቼ እንዳወጣው እዩ፣ ሽልማት ካለው ስንተኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ሁለት አረፍተ ነገር ከወጣው በቂ ነው፣ ላኩት። የምትጀምሩትን ስራ ስም ከታች ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የጃፓንኛ ሶርስ ፍለጋው ላይ አብሬያችሁ አያለሁ።